ሁለት ሞክሼ

«እትዬ ፓስዎርድ» የሚለውን ስም ያወጣላት የገዛ ዋርሳዋ ነው። ውሃ ማከፋፈያው መሥሪያ ቤት በተቀጠረ በሦስተኛው ቀን የኮምፒውተሩ ይለፍ ቃል ጠፍቶበት፣ አንገቱን በመስኮቷ አስግጎ፣ «እትዬ ፓስዎርድ፣ በዘመድ አምላክ አንዴ ክፈቺልኝ!» ሲል፣ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟ የቀረው መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሰው ሲቀጠር አካውንት ትከፍትለታለች፤ የትኛውን ፋይል እንዲያይ፣ የትኛውን እንዳይነካ ትወስንለታለች፤ ሲዛወር ታዛውረዋለች፤ ሲለቅ ትዘጋበታለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በየጠዋቱ ወደ ሥራው የሚገባው በእሷ በር ነው ማለት ይቻላል። ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ የዕረፍት ቀናት የሰዉን ፓስዎርድ ከጭንቅላቱ ሙልጭ አድርገው ያጥቡታልና፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርሳል። አንዱ «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል፤ አንዷ «እኔ ምንም አልነካሁም» ትላለች፤ አንዱ ደግሞ ፓስዎርዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ወረቀቱን ከሱሪው ጋር አጥቦት ይመጣል። እሷ ሁሉንም እሺ፣ እሺ እያለች ትከፍታለች።

ክፍሏ ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ የሚያልቅበት ጋ ናት፤ ድሮ ባልዲና መጥረጊያ ይቀመጥባት ነበር። ሰርቨሩ እንዳይግል ማቀዝቀዣው ሲነፍስ ስለሚውል፣ ውጭ ፀሐዩ አናት እየበሳ እሷ ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ብርድ ተቀምጣ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ገና ከሩቁ ማማረር ጀምሯል። ቤቷ ስትገባ ባሏ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ሲላት፣ «ያው ነው» ትለዋለች። ያው ነውና።

ዋርሳዋ በሥራ ቦታ የሚታወቀው «ቁጥር ሁለት» በሚል ስም ነው። ይህንንም ያመጣው ኮምፒውተሩ ነው። መጋዘኑን የሚጠብቁት አዛውንት በስምም በአባት ስምም የእሱ ሞክሼ ናቸው። ሁለት ሰው በአንድ ስም መግባት ስለማይችል፣ ቀድመው የተመዘገቡት ሽማግሌ ስማቸውን እንዳለ ያዙ፤ ለዋርሳዋ ጭራው ላይ 2 ተጨመረለት። «በገዛ ስሜ ተከራይ አደረግሽኝ እኮ!» ይላታል ባገኛት ቁጥር። በዚያ ቁጥር የተነሳ የአንዱ መልእክት ለሌላው መሄዱ የተለመደ ነው። የሽማግሌው የቧንቧና የቆጣሪ ሂሳብ እሱ ጋ ሲመጣ ሳምንት ይከርማል። የእሱ እሳቸው ጋ ሲሄድ ግን በዚያው ሰዓት ይመለሳል።

ቁጥር ሁለትን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ፣ የእሷ ባል ነው። አባታቸው ሲሞት ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነበር። ባሏ ትምህርቱን ጥሎ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነና ያንን ልጅ አስተማረው፣ ዳረው። ውሃ መሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ተቀባይ ሲፈልግ፣ ማስታወቂያውን ያመጣችለት እሷ ናት። ሥራው ላይ እንደነገሩ ነው፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። ነገር ግን ውሃ የጠፋበት ሰው እየተሳደበ ገብቶ እየሳቀ የሚወጣው ከእሱ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው ረቡዕ ከሰዓት ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ሁልጊዜ ሰው በስልክ የሚያስጠራው ሰውዬ፣ ራሱ በእግሩ ወርዶ በሯን ከኋላው ዘጋ።

«ሠላሳ ሰባት ናቸው» አለና የታጠፈ ወረቀት አስቀመጠላት። «ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይገባል። እነሱ እዚያ እያሉ የእነዚህን አካውንት ትዘጊያለሽ። ሲመለሱ ደብዳቤያቸው ጠረጴዛቸው ላይ ይጠብቃቸዋል።»

«ሳይነገራቸው?»

«ከላይ እንዲህ ተባለ። የተናደደ ሰው ፋይል ያጠፋል ብለው ነው።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም እንቅልፍ ያጣ ይመስል ነበር። «ከአንቺና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እንግዲህ።»

ምስጢር እንደምትጠብቅ አስፈርሟት ሄደ። እሷም መነጽሯን ጠርጋ ሥራዋን ያዘች። እያንዳንዱን ስም ወደ ሰርቨሩ ስታስገባ አንድ ሰው ይመጣል፤ ምልክት ታደርግበታለች። የጽዳት ተቆጣጣሪዋ። ሁለቱ ቆጣሪ አንባቢዎች። የስልክ ኦፕሬተሯ፣ ባለፈው ወር ስትዳር እልልታውን አብረው ያቀለጡላት። እያንዳንዱ ምልክት ከንፈሯን ያስነክሳታል እንጂ እጇ አልቆመም። ሃያ ዘጠነኛው ስም ላይ ግን ሁለት ሰው መጣ። አንዱ ባዶውን፣ አንዱ ባለ 2።

ወረቀቱ ላይ የአያት ስም የለም። የመታወቂያ ቁጥር የለም።

እጇን ከመዳፊቱ ላይ አነሳች። ምናልባት ሽማግሌው ይሆናሉ ብላ ያሰበችው እሷ ናት፤ ያሰበችው ደግሞ ደስ እያላት ነው። ወዲያው አፈረች። ከዝርዝሩ ኋላ ከየክፍሉ ስንት ሰው እንደሚቀነስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተያይዟል። ከቅሬታ ክፍል አምስት፣ ከመጋዘን አንድ ይላል። ቆጠረች። የመጋዘኑ አንድ ሰው ተገኝቷል፤ ዕቃ መዛኙ ነው። ከቅሬታ ክፍል የተገኙት ግን አራት ብቻ ናቸው። እንደገና ቆጠረች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር ጣቷን በየስሙ ላይ እየጎተተች፣ እንደ ሕፃን ድምፅ እያወጣች ነበር። አምስተኛው ዋርሳዋ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱን ፎቅ ወጥታ ወረቀቱን ኃላፊው ፊት ዘረጋችው።

«ይህ ስም ሁለት ሰው ነው። የትኛው እንደሆነ እስከ አያቱ ጽፈህ ፈርምልኝ።»

ሰውየው አየው፤ ቆየና ቀና አለ። «አንዱ ያንቺ ዋርሳ አይደል?»

«ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እስቲ ተቀመጪ።» አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች ጉልበቷ መነሳቱን ይቃወማል። «እኔ ጋ የመጣው ስም ነው እንጂ አያት የለውም። አንቺ ለዘጋሽው ሰው እኔ ደብዳቤውን እጽፍለታለሁ። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ ልጆቻቸው አድገዋል። ማንም አይጠይቅም።»

«ሠንጠረዡስ?»

«ሠንጠረዡን ከስሞቹ ጋር የሚያመሳክር ከአንቺና ከእኔ ሌላ የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትለፊ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይህን አድርግልኝ ብለሽኝ አታውቂም። ይሄንን ሳትዪኝ ላድርግልሽ። ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ሙሉ ስሙን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ በቃ።»

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ሰውየው ግን በእውነት ደግ የሠራ መስሎት ነው። አመሰግናለሁም፣ አልፈልግምም ሳትል ወረቀቷን አጥፋ ወረደች።

የዚያን ቀን አመሻሽ ቤቷ ስትደርስ ባሏና ዋርሳዋ በረንዳው ላይ የወለቀ የቁም ሣጥን በር ያስተካክላሉ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠብቃል፤ ሁለቱም አዛዥ ሆነው ታዛዥ የለም። ራት ሲቀርብ ቁጥር ሁለት ሳይጠሩት ቀድሞ ተቀመጠ።

«ነገ ስብሰባ አለ አሉ» አለ እየጎረሰ። «እትዬ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር የለም፤ ምንድን ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ፊትሽ የሆነ ነገር ያውቃል።»

«ፊቴ ደክሞት ነው።»

ባሏ ሳቀና የወንድሙን ትከሻ መታ አደረገ። «ተዋት፤ ሰው እንደ ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ውሎ ምን ፊት ይኖረዋል?» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «የዚህን ልጅ ነገር አደራ ታዲያ» አላት፣ ለቀልድ። «ሲያረፍድ አለቃው የት ሄደ ካለሽ ታሟል በይው።»

እሷም ሳቀች። ለዋርሳዋ ሁለት ጊዜ ልትነግረው ከአፏ ደርሶ ነበር። አንዴ የእጅ ውሃ ስታቀርብለት፣ አንዴ ሲወጣ በሩ ላይ። ፊርማዋ ትዝ አላት። ደግሞስ ምን ብላ ትነግረዋለች? ነገ ትባረራለህ? ወይስ ነገ እንዳትባረር ማድረግ እችላለሁ? የመጀመሪያውን ከነገረችው ሁለተኛውን መጠየቁ አይቀርም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቷ ተንኳኳ። የመጋዘኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። እኚህ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፓስዎርድ ጠፋብኝ ብለው አያውቁም።

«ደህና አደርሽ ልጄ? የሞክሼዬ መልእክት እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ከልጁ ትምህርት ቤት ይመስለኛል፤ ርእሱን አይቼ ዘጋሁት እንጂ አላነበብኩትም። ወደ እሱ ልኬዋለሁ፤ ብቻ ትናንት ማታ ስለመጣ እንዳይዘገይበት ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ ጋሼ።»

«ስብሰባው ይቆያል ይሆን? አምስት ሰዓት ላይ የቧንቧ መኪና ይመጣብኛል። እኔ ከሌለሁ እንደነገሩ ቆጥረው ያራግፉታል።»

«አይቆይም ጋሼ። ይደርሱበታል።»

ሄዱ። እሷ መስኮቱን ዘግታ ተቀመጠች። እሳቸውን ብትዘጋ ማንም አያውቅባትም። የከበዳትም ይኸው ነው። አካውንታቸው ሲዘጋ ሽማግሌው መጥተው አይጮኹም፤ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ «ደህና ሁኚ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። ዋርሳዋ በየምሽቱ እየመጣ በራቷ ላይ ይስቃል፤ ባሏ ይስቃል፤ እሷም አብራ መሳቅ አለባት። እስከ መቼ? ስለ ጽድቅ አላሰበችም። ያሰበችው ስለ ጉልበቷ ነው፤ ይህን ውሸት ተሸክማ ሌላ አሥር ዓመት ደረጃ የምትወጣበት ጉልበት አልነበራትም።

ብዕር አነሳች። የዋርሳዋን ስም፣ ያባቱን ስም፣ ያያቱን ስም ጻፈች። አያትየው የባሏም አያት ናቸውና፣ ስትጽፈው የልጆቿን የአባት ወገን በእጇ የምትከስ መሰላት። ከሥሩ «በሠንጠረዡ መሠረት» ብላ ፈርማ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ላከችው።

አራት ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ በእግር ኮቴ ተሞላና ጭር አለ። አንድ በአንድ ዘጋች። በእያንዳንዱ ላይ ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላታል፤ «አዎ» የሚለውን ትጫናለች። ሠላሳ ስድስቱን ጨርሳ የእሱ ላይ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች፤ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋት ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ ማሽኑ። ተጫነች።

ከአዳራሹ ሲወጡ ማንም ምንም የሰማ አይመስልም ነበር፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ አዲስ አወቃቀርና ስለ መጪው ዘመን ነበር የተናገሩት። ጥቂት ቆይቶ መስኮቷ ጋ ሰው ተሰበሰበ። ሁለት ሦስቱ ደብዳቤያቸውን ይዘው ቆመዋል። በመሃላቸው ቁጥር ሁለት እየገፋ መጣ።

«እትዬ ፓስዎርድ! ይኸው ደግሞ እንቢ አለኝ። ይሄ ማሽን የሚጠላኝ በቁጥሬ ነው መሰለኝ።»

ማንም አልሳቀም።

«ጠረጴዛህ ላይ ደብዳቤ አላየህም?» አለችው።

«የኔ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ መቼ ተፈልጎ ይገኛል? ክምር ነው። የምን ደብዳቤ?»

ከወንበሯ ተነሳች። ከመስኮቱ ኋላ ወጥታ ክንዱን ያዘችና ከደረጃው ሥር ወሰደችው።

«ተቀንሰሃል» አለችው። «ሠላሳ ሰባት ሰው ነው። የዘጋሁህ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ። «እኔን አይደለም፤ ጋሼን ነው። ሞክሼዎች ነን እኮ፣ ተሳስታችሁ ነው!»

«አልተሳሳትንም። ቆጥሬዋለሁ።»

«መቼ ነው የቆጠርሽው?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ራት ስበላ ታውቂ ነበር ማለት ነው።» መልስ አልጠበቀም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወደ ኃላፊው ወጣ። ኃላፊው ምን እንዳለው ያወቀችው ማታ ነው።

ማታ ቤቷ ስትገባ ሁለቱ ወንድማማቾች መብራት ሳያበሩ ተቀምጠዋል። እሷ አበራችው።

«ኃላፊው ምርጫውን ለእሷ ሰጥቻት ነበር ብሎታል፤ እውነት ነው?» አላት ባሏ። «መምረጥ ትችዪ ነበር ወይ?»

«ምርጫ አልነበረም። መዋሸት ግን እችል ነበር።»

«እና ለኔ ወንድም አንዲት ውሸት ሳሳሽ?»

«ውሸቱ ሌላ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እኔን አላሳደጉኝም እሳቸው!» አለ ባሏ፤ ጮኾ የማያውቅ ሰው ጮኸ። «ይህን ልጅ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኩት። አንቺ ደግሞ በአንድ ጣት…» ቃሉ አልመጣለት ብሎ ጣቱን ብቻ አሳያት።

ዋርሳዋ ተነስቶ ጃኬቱን ያዘ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «እትዬ፣ አንቺን አይቆጭሽም። ይሄ ነው የገረመኝ።»

ይቆጫት ነበር እንጂ። ግን በየትኛው በኩል እንደሚቆጫት ለመናገር ደከማት።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ቃል በሚዛን ይወጣ ጀመር። «ጨው።» «መብራቱን።» «ነገ በጠዋት ነኝ።» ባሏ አልሰደባትም፣ አልተጣላትም፤ ጀርባውን ሰጥቷት ብቻ ይተኛል። መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ «የገዛ ዋርሳዋን ያልማረች» እያሉ መስኮቷ ጋ ሲደርሱ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። ሰኞ ሰኞ ሰልፉ ያው ነው፤ ሳቁ ግን የለም። አንዳንዱማ አካውንቱ ሳይዘጋበት ቶሎ ለመውጣት የቸኮለ ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው መጡ። «ሞክሼዬን አጣሁት» አሉ። «ደህና ልጅ ነበር፤ ያስቀኝ ነበር። ከትምህርት ቤቱ የሚላከው አሁንም እኔ ጋ ይመጣል። የት ልላከው?»

«ወደ እኔ ይላኩት፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ወደ እሷ፣ እሷ ደግሞ ወደ ዋርሳዋ ስልክ ይልካሉ። የወላጆች ስብሰባ። የክትባት ቀን። ያነበበው መሆኑ ይታያታል፤ መልስ ግን አይመልስም። አንድም ጊዜ ሳትልክ አልቀረችም።

በአራተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሳይጠሩት መጣ። የሚኒባስ ማኅበር ቅሬታ መቀበያ ስልክ ላይ ሥራ አግኝቷል። ዕቃ የጠፋበት፣ ከመውረጃው ያለፈበት መንገደኛ ሁሉ የሚጮኸው እሱ ላይ ነው። ሲያወራው ባሏ ሳቀ፤ እሷም ምድጃው ጋ ሆና ጀርባዋን እንደሰጠች ፈገግ አለች። ባሏ ሲጋራ ሊገዛ ሲወጣ ዋርሳዋ ወደ ማዕድ ቤቱ መጥቶ የበሩን መቃን ተደገፈ።

«አሁንም ቢሆን አኩርፌሻለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብሆን ሽማግሌውን ነበር የምዘጋው። ዓይኔን አላሽም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

የመቃኑን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። «እሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንዳትነግሪያቸው» አለ። «ሰውየው ይጨነቃሉ።» ከዚያ ከሣህኑ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ አንሥቶ እያኘከ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ሲመሽ ባሏ ወንድሙን እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ ተመለሰ። እሷ ሣህኖቹን ደርድራ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አያት።

«ቁጭ በይ» አላት። «ዕቃውን እኔ አጥበዋለሁ።»

በአራት ወር ውስጥ የተናገራት ረጅሙ ነገር ይህ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋንም አወለቀች። ውሃው ሲወርድ እየሰማች ዓይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።